አራጣ

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ሽምብጥ ተኝቷል፤
የወደቡ መብራት ብቻውን ነቅቷል።
እሱና እኔ ነን።
ጉማሬው ወጥቶ ከደንገሉ ዳር
ሲነጭ ይሰማኛል የእነ አንሙትን ሣር።
ሰዓት አላየሁም፤ ማየትም አያሻኝ፤
ቀጠሮ አክባሪ ነው፣ እሱ ነው ያነሣኝ።
በር አያንኳኳም፣ አይጠራም በስሜ፤
ከውስጥ ነው የሚመጣው፣ ከገዛ ደሜ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት
በመርከብ ሆድ ውስጥ፣ ከሞተሩ አጠገብ፣
ናፍጣ ስተነፍስ ከወደብ እስከ ወደብ፣
እጄ ዘይት ነበር፣ ከንፈሬ ጢስ ነበር፤
ማን ይወቅሰኝ ነበር?
ሞተሩም ያጨሳል፤ ጓዴ ነው እል ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ
ከእራት በኋላ ከዋርካው ሥር ወጥቼ፣
አንዲት ፍሬ ለኩሼ፣ ሐይቁን ተመልክቼ፣
«ይቺ ናት» እላለሁ፣ «እንቅልፌን የምትጠራ፤
ዓይኔን የምትከድን፣ ቀኔን የምትገራ።»

ደብሬ ትስቃለች።
«ጠርታው ከሆነማ የት ቀረ?» ትላለች።
«አምስት ላይ ጋደም አልህ፣ ስድስት ተገላበጥህ፣
ሰባት ላይ ሳልህ፣ ስምንት ላይ አቃሰትህ፣
ዘጠኝ ላይ ኪስህን በጨለማ ዳሰስህ።»
ክብሪቱ ሲጫር ግድግዳው ይበራል፤
የሷም እንቅልፍ ያኔ እንደ ወፍ ይበራል።

ሲስተር ሽታዬ፣ የጤና ጣቢያዋ፣
ልጅ ብትሆንም እንኳ አይዋሽም መስሚያዋ።
ደረቴን አዳምጣ፣ ካርዴን አገላብጣ፣
ወንበሯን ሳበችው ወደኔ ተጠግታ።
«ጋሽ ምንይችል፣ ኒኮቲን እንቅልፍ አይጠራም፤
ልብ ያስሮጣል እንጂ ዓይን አያስከድንም።
ሲገባ ያነቃል፤ ከደም ሲያልቅ ደግሞ
ይቀሰቅስዎታል ‹ጨምሩልኝ› ብሎ፣ ቆሞ።
ያረጋጋኝ የሚሉት ያው ያስጨነቀዎ ነው፤
ራሱ አቁስሎ ራሱ ሐኪም የሚሆነው።»

ወደ ቤት ስራመድ በዘንባባው ጥላ
ገባኝ ነገርዮው፣ ዘግይቶ፣ በኋላ።
አራጣ ነው ለካ።
ማታ አንዲት ሰላም ያበድርሃል በእጅህ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይቆማል ከደጅህ፤
ወለዱን ቆርጦ ይሄዳል ከሕልምህ፤
ዋናውን አትከፍልም፤ ዋናው አንተው ነህ።
እንቅልፌን አስይዤ ጢስ ስበደር ኖርሁ፤
ደረሰኝ እንኳ የለኝ፣ ስንት እንደከፈልሁ።

እምቦጭም ሐይቃችን ላይ እንዲህ ነው የመጣው፤
አረንጓዴ ነበር፣ አበባም ነበረው፤
ያየው ሰው ሁሉ ፊት «ያምራል» ነው ያለው።
ዛሬ ታንኳ ስንገፋ ቅጠሉ አላሳልፍ አለ፤
ከሥሩ ውኃ አለ ብሎ የሚያምን ካለ።

የተውሁት ሰኞ ነው።
ማክሰኞ አልተኛሁም።
ረቡዕ ደብሬን በጨው ጉዳይ ጮህሁባት፤
ጨው አልጎደለም ነበር፤ አወቀችው፣ አወቅሁባት።
ሐሙስ ሕልም አየሁ። ሕልም! ባለ ቀለም፣
እንዲህ ያለ ነገር ከልጅነቴ ወዲህ የለም፦
መርከቤ በአስፋልቱ፣ በዘንባባው መሐል፣
ሻላ መሪ ይዞ ጥሩንባ ይነፋል፤
የሞተው ወንድሜ ትኬት ይቆርጣል፣ ይስቃል፤
«ሒሳብ አለብህ» ይለኛል፣ መልሱን ግን ይረሳል።
ብንን ስል ላብ በላብ፤ ጣቶቼን አሸተትሁ፤
በሕልሜ አጭሼ እንደሁ ፈራሁ።
ሳሙና ሳሙና ይላሉ። አመሰገንሁ።

ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ያው መጣ ሊያንኳኳ።
እጄ ኪሴን ዳሰሰ፤ ባዶ ነው ለካ።
ደብሬ ተኝታለች። ታንኮራፋለች እንዴ?
ሠላሳ ሁለት ዓመት አልሰማሁትም አንዴ፤
ውጭ ነበርኋ፣ ከዋርካው ሥር፣ ከጢሴ ጋር።
አበዳሪው ቆሟል፤ አልሄደም ከአጥር።
«ነገ ና» አልሁት፣
እንደ ማንኛውም ባለዕዳ።
ነገ ሲመጣም ይኸው ነው መልሴ።
ጉማሬው ጠግቦ ውኃው ውስጥ ገባ፤
ጎኔን አሳረፍሁ።
ሊነጋ ሦስት ሰዓት ይቀራል።
ብተኛም ባልተኛም፣ ሦስቱም የኔ ናቸው።